ትርፍ ጠመንጃ

ባለፈው ሳምንት የአንድ አሮጌ ጠመንጃ ፎቶ ለጥፌ «አንገቱ ላይ ያለችውን ማሰሪያ ያወቃት አለ?» ብዬ ስጠይቅ መልሳችሁ ለሁለት ተከፈለ። ግማሻችሁ ስለ ማሰሪያዋ ጻፋችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ «ጋሼ፣ በዚህ ጊዜ ጠመንጃ ይለጠፋል?» አላችሁኝ። ኢንቦክስ የገቡ ቁጣዎችም ነበሩ። አልተቀየምኩም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ግልጽ ላድርግ። ጠመንጃው የእኔ አይደለም። መሸንቲም የለም፣ ባህር ዳርም የለም። ያለው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። ባለቤቱ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ብረት ሥራና እንጨት ሥራ ያስተማርኩት የመሸንቲ ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሞርሳ ላይ የታሰረ ብረት እስኪያበራ ድረስ ሞረድ ከእጁ የማይለይ፣ ደወል ተደውሎ እንኳ «ጋሼ ትንሽ ይጠብቁኝ» የሚል ልጅ ነበር።

የሚሠራበት ቦታ ያሉ ፈረንጆች በየዓመቱ በእኛ ጥቅምት ማለቂያ ላይ አጋዘን አደን ይወጣሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ና እንሂድ» እያሉ ሲወተውቱት ቆይተው በመጨረሻ እሺ አለ። እዚያ አደን እንደ እኛ አገር ወሬ «ውሻ አስከትሎ ጫካ መግባት» አይደለም። በሚኒሶታ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1979 በኋላ የተወለደ ሰው የጦር መሣሪያ ደህንነት ትምህርት ሳይወስድ የአደን ፈቃድ አይገዛም። ተማረ፣ ተፈተነ፣ ፈቃዱን ያዘ። የቀረው ጠመንጃ ነው።

ጓደኞቹ ቀላል የሆነ አዲስ የአደን ጠመንጃ ጠቆሙት። እሱ ግን በስልኩ ሲያገላብጥ አንድ ማስታወቂያ ላይ ዓይኑ ተተከለ። «ከኢትዮጵያ የመጣ» ይላል። ምሽቱን ፎቶውን በቴሌግራም ላከልኝ። ከሥሩ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ አንበሳ የኛ አይደለም?»

የኛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያ መጋዘኖች ተከማችተው የኖሩ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪዎች እየተገዙ አሜሪካ ገብተዋል። ውጅግራ አለ፣ የጣሊያን ምንሽር አለ፣ የእንግሊዝ ማርቲኒ አለ፣ ቤልጅግ አለ፣ አሜሪካ ራሷ በጃንሆይ ጊዜ የሰጠችን ኤም ዋን ካርባይንም ወደ እናቱ ቤት ተመልሷል። ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠረ መሣሪያ እዚያ እንደ ቅርስ ዕቃ ይታያል። የሚገዛው ሰብሳቢ ነው፣ አንዳንዴም አዳኝ። የአሜሪካ ሕግ አስመጪው ስሙንና ከተማውን ብረቱ ላይ እንዲቀርጽ ያስገድዳል። ስለዚህ አንዱ ብረት ላይ አንበሳችን፣ የቤልጅግ ፋብሪካ ስምና የአሜሪካ ነጋዴ ማኅተም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፓስፖርት በሉት።

ይህን ዓይነቱን ዕቃ እነሱ «ሰርፕለስ» ይሉታል። በአማርኛ «ትርፍ» ማለት ነው። የእኛ ቃል ደግሞ ሁለት ፊት አላት፤ ትርፍ ከሚያስፈልገው በላይ የተረፈ ነው፣ ትርፍ ነጋዴ የሚያገኘውም ነው። የጠመንጃ ታሪካችን በዚህች አንድ ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ምክንያቱም ትርፉ መጀመሪያ የመጣው ወደኛ ነበር። አውሮፓ አዲስ ጠመንጃ በፈለሰፈ ቁጥር አሮጌውን መጣል አልፈለገም። በአሰብ፣ በታጁራ፣ በኦቦክ አድርጎ ወደኛ ሸጠው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እንኳ ግጥሙን ርግፍ አድርጎ ትቶ ሁለት ሺህ ገደማ አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ለምኒልክ ሊሸጥ እ.ኤ.አ. በ1887 ሸዋ ገብቷል። የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» አፋችን ላይ ውጅግራ ሆነ። ለቤል ለበን፣ ስናይደር ስናድር፣ ማንሊሸር ምንሽር ሆኑ፤ የቤልጅጉ ደግሞ ባጭሩ ቤልጅግ። አያቶቻችን ፈረንሳይኛ አልተማሩም፤ ጠመንጃውን ግን ከነአገሩ ለይተው ይጠሩት ነበር። አውሮፓ «ጊዜው አልፏል» ብሎ በሸጠው ብረት ነው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ አውሮፓ የተሸነፈው። ለእነሱ ትርፍ የነበረው ለእኛ ትርፍ አልነበረም።

ልጁ የገዛው ቤልጅግ ነው። ኤፍ ኤን የተባለው ፋብሪካ ሄርስታል በምትባል የቤልጅግ ከተማ የሠራው፣ በጀርመኑ የ1898 (እ.ኤ.አ.) ማውዘር ንድፍ የተቀዳ። ካሊበሩ 7.92 ሚሊ ሜትር። ከማይጨው ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት ጃንሆይ የቤልጅግ መኮንኖች አስመጥተው ክቡር ዘበኛን ሲያሠለጥኑ ጠመንጃውም ከዚያው አገር ይገዛ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም ማይጨው ላይ የወደቁት የክቡር ዘበኛ ልጆች ትከሻ ላይ የነበረው የዚህ ቤተሰብ ነው። ይህኛው ጠመንጃ የት የት እንደዋለ የሚናገር ወረቀት የለውም። የሚናገረው እንጨቱ ነው፤ እሱን እመለስበታለሁ።

ጠመንጃው ቤቱ ሲደርስ ባዶውን መዘነው። 3.9 ኪሎ። ጓደኞቹ የሚይዙት አዲሱ ሦስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። በበረዶ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሚንከራተት ሰው አንድ ኪሎ ቀልድ አይደለም። አያቴ ከዚህ የባሰ፣ ከአራት ኪሎ የሚበልጥ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሠላሳ የሆነ ውጅግራ ተሸክመው ከጢስ ዓባይ ቁልቁል ወዳለው ቆላ ይወርዱ ነበር። «ጠመንጃ ሲወርዱ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሲመለሱ ነው» ይሉ ነበር። ሰው ስለ ዳገቱ የሚያወሩ ይመስለው ነበር።

እናም ልጁ ዕቅዱን ዘርዝሮ ላከልኝ። በቪዲዮ ያየው ሁሉ አለበት፦ የፊቱን እንጨት ከግማሽ ቆርጦ መጣል፣ አፈሙዙን በአሥር ሳንቲ ማሳጠር፣ አንገቱ ላይ ያለውን «ቆሻሻ ማሰሪያ» መፍታት፣ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ልጦ አዲስ ቫርኒሽ መቀባት፣ ብረቱን ቦርቡሮ መነጽር መግጠም። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ሞረድ የያዝኩት ከርስዎ ነው፣ ይምሩኝ» ይላል።

ዕቅዱ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አሜሪካኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህን በብዛት ሠርተዋል። ከየአገሩ የተረፈ የጦር ጠመንጃ በርካሽ ይገዛል፣ እንጨቱ ይቆረጣል፣ መነጽር ይገጠምለታል፣ የድሃ ሰው የአደን ጠመንጃ ይሆናል። ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አይቶ በፖስታ ቤት ማዘዝም ይቻል ነበር። ከእነዚህ አንዱን ዓለም ያውቀዋል። ጣሊያን ቴርኒ ላይ የተሠራ፣ እኛ ምንሽር የምንለው ዓይነት ጠመንጃ፣ ከነመነጽሩ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ቺካጎ ካለ ሱቅ በፖስታ ታዘዘ። በኅዳር 1956 ዓ.ም ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዚያ ተገደሉ። በቀብሩ ላይ ከቆሙት መሪዎች አንዱ ጃንሆይ ነበሩ። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ጦር ወሮአቸው ያባረራቸው ንጉሥ፣ የዚያው ጦር ትርፍ ብረት የገደለውን ሰው ሊቀብሩ ዋሽንግተን ቆመዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ የወጣው የአሜሪካ ሕግ ጠመንጃ በፖስታ መግዛትን ከለከለ። ብረት ትርፍ ስለተባለ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም።

ለልጁ መልስ ከመጻፌ በፊት እናቱ ቤቴ መጡ።

እትዬ (እንዲህ እንበላቸው) ከቤታቸው እኔ ዘንድ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ፊታቸው ተለውጧል። ልጃቸው በቪዲዮ ሲያወራ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አይተውታል። «መምህር፣ እኔ እኮ ከዚህ ይራቅልኝ ብዬ ነው የላክሁት። እዚያ ሄዶም ጠመንጃ ይገዛል? እዚህ ያለው አልበቃንም?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የተኩስ ድምፅ ሰምተን ያደርንባቸውን ሌሊቶች አብረን ነው የቆጠርናቸው። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት ልጁ «እማዬ ደህና ናት?» ብሎ የሚጠይቀው የሚገኝ ስልክ በዘመድ ዘመድ እየፈለገ ነበር። ለእሳቸው ጠመንጃ ቅርስ አይደለም። በር ሲንኳኳ የሚያስደነግጥ ነገር ነው።

«አጋዘን ሊያድንበት ነው እትዬ» አልኳቸው። «ታዲያ ይሄ ለአጋዘን ነው የተሠራ?» አሉኝ። አይደለም። ለሰው ነው የተሠራው። መዋሸት አልፈለግሁም። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ልጁ የላከውን የአንገቱን ፎቶ አጎላሁላቸው፤ ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ነው። መነጽራቸውን አደረጉ። ዝም ብለው ቆዩና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አኑረው «ይሄ እኮ የምራን አስተሳሰር ነው» አሉኝ።

ከተማ ላደጋችሁ ልተርጉም። ምራን ሞፈርን ከቀንበር የምታያይዝ የቆዳ ጠፍር ናት። ጠመንጃው አንገቱ ላይ፣ ሰደፉ ወደ ብረቱ በሚቀጥንበት ቦታ፣ አንድ ጊዜ ተሰንጥቋል። ማውዘር ሲወድቅ የሚሰበረው እዚያ ነው። የሰነጠቀበትን ሰው ጥገና ቤት የሚወስደው አልነበረም። ጥሬ ቆዳ በውኃ ነከረ፣ እርጥቡን ጠምጥሞ ሳበ፣ ጫፉን ከሥሩ አሳልፎ ቆለፈ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስንጥቁን እንደ ሞርሳ ነክሶ ይይዘዋል። እኔ እንጨቱን አይቼ ሥራው የባለሙያ እንደሆነ ገብቶኛል፤ የምን ባለሙያ እንደሆነ የነገሩኝ ግን እትዬ ናቸው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ በየክረምቱ ሲያስሩ ያዩት ነው። «የገበሬ እጅ ነው» አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ለዘብ አለ። «ምስኪን፣ ማን ይሆን?»

እኔም ያኔ ነው መልሴን የጻፍኩት።

«አንደኛ፣ እንጨቱን አትንካው። ስለ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የተሰነጠቀ አንገት ፊትህ አጠገብ ይዘህ መተኮስ ሞኝነት ነው። ስለዚህ ያ እንጨት ሥራውን ጨርሷል፣ ይረፍ። ለማውዘር የሚሆን አዲስ የፕላስቲክ አካል እዚያ ይሸጣል፤ ግዛና ብረቱን ከነቤልጅጉ እሱ ላይ አስቀምጠው። ሁለተኛ፣ አፈሙዙን አታሳጥር። ወደ 60 ሳንቲ ነው፣ በቂ አጭር ነው። ብትቆርጠው የምታተርፈው ጥቂት ግራም ነው፤ የምታገኘው ደግሞ ተጨማሪ ጩኸት። ሦስተኛ፣ አትቦርቡር። ሁልጊዜ የምነግርህን አስታውስ፦ የፈታኸው ይገጠማል፣ የቆረጥከው አይቀጠልም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያስተማርኳችሁ ሁሉ ታውቋታላችሁ። ሰሌዳው ጥግ ላይ የማትጠፋ ነበረች።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ለእሱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለእኔ ከሰዓት በኋላ፣ መብራትና ዳታ ሲፈቅድ በቪዲዮ። ወደ ሁለት ወር ፈጀን። የሠራነውን ባጭሩ ልጻፍላችሁ፤ ለጠመንጃ ባይሆን ለአሮጌ ማረሻ፣ ለአባት ወንበር፣ ለልብስ ስፌት መኪናም ይሆናል።

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ። አሮጌ ዕቃ ሁሉ ባዶ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ረጅም አይኖርም። ቀጥሎ የደረቀውን የመጋዘን ቅባትና አቧራ በነጭ ጋዝ ማለስለስ። ከዚያ ቁጥር ማየት። የመቀባበያው ቁጥርና የአካሉ ቁጥር አልተገናኙም። መጋዘን ውስጥ ሲፈታና ሲገጠም የአንዱ ለሌላው ተሰጥቶ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጥይቱ ገብቶ ሲዘጋ ከኋላው ያለው ክፍተት ከልኩ ከሰፋ ቀለሁ ሊፈነዳ፣ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «አንተም እኔም አንወስንም፤ ለጠመንጃ ሠሪ ስጠው» አልኩት። ሠሪው በ«ጎ» እና በ«ኖ ጎ» ጌጅ ለካው። ልክ ነው። ልጁ ሳቀና «ጋሼ፣ ያ እርስዎ በጌጅ ያስለቀሱን ሴሚስተር ዛሬ ጠቀመኝ» አለኝ።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አይደለም፤ በለስላሳ የብረት ሱፍና በዘይት፣ አንበሳው ላይ ሲደርስ በጨርቅ ብቻ። የአፈሙዙ ውስጥ ጠቁሯል፣ ጠመዝማዛው ቦይ ግን አለ። ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ እንደገና ብሩሽ። ስድስት ቀን ጥቁር ወጣ፣ በሰባተኛው ግራጫ።

እንጨቱ ሥራ ቢያቆምም መንከባከብ አለበት። የወታደር ጠመንጃ እንጨት ድሮም የሚቀባው ተልባ ዘይት ነው፤ አዎ፣ እኛ በጾም የምንጠጣት ተልባ። ስስ አድርጎ በመዳፍ እስኪሞቅ ማሸት፣ የተረፈውን መጥረግ፣ አንድ ቀን መተው፣ መድገም። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቅሁት፣ እናንተም ያዙት፦ ተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሞቆ እሳት ሊነሳው ይችላል። ዘርግቶ ማድረቅ፣ አለዚያ ውኃ ውስጥ መንከር ነው። ጠፍሩን በዘይት አልነካነውም። አቧራውን በእርሳስ ብሩሽ ጠረገና ተወው።

አዲሱ አካል ሲገጠም ጠመንጃው 3.4 ኪሎ መጣ። ግማሽ ኪሎ ቀነሰ፣ አንድም ነገር ሳይቆረጥ። መነጽር አልገጠመም። የሚያድንበት ጫካ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ከመቶ ሜትር በላይ የሚታይ ነገር የለም፤ የድሮው ማነጣጠሪያ ይበቃል። ግን ለጦር ሜዳ የተሠራ ማነጣጠሪያ ለሩቅ ነው የተስተካከለው። ቅርብ ስትተኩስ ጥይቱ ካሰብከው በላይ ይመታል። ተኩስ ሜዳ ሄዶ በስንት እንደሚበልጥ ለክቶ፣ ከታች ማነጣጠር ለመደ።

ስለ ጥይቱም አንድ ነገር ልበል፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነውና። በሚኒሶታ ሕግ ለአጋዘን የሚተኮሰው ጥይት ጫፉ ለስላሳ፣ ሲመታ የሚሰፋ መሆን አለበት። ምክንያቱ ርኅራኄ ነው፤ እንስሳው ቶሎ ይሙት፣ ቆስሎ ሩቅ አይሂድ ነው። ይኸው ሰፊ ጥይት ግን በጦርነት እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ ተከልክሏል፤ ምክንያቱ ያም ርኅራኄ ነው። ሰው ላይ የሚሰፋ ጥይት አይተኮስ፣ የሚያቆስለው ያቁስል እንጂ እንዳይበጣጥስ ተባለ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም መርዝ ጋዝ ስታዘንብብን ያቀረበችው አንዱ ሰበብ «ሐበሾች ያንን የተከለከለ ጥይት ተኩሰዋል» የሚል ነበር። እንግዲህ ይህ ጠመንጃ ከሰው ወደ እንስሳ ሲዛወር እንጨቱ ብቻ አይደለም የተለወጠው። ምሕረቱም ፊቱን አዙሯል።

«አጋዘን» እያልኩ መጻፌንም አንድ ተማሪዬ አርሞኛል፤ ልክ ነው። የእነሱ እንስሳ የእኛ አጋዘን አይደለም። የእኛው ከነድኩላውና ከነሚዳቋው ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይዞ የሚኖር ወገን ነው። የእነሱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል፤ የዚያ ዘር በኢትዮጵያ ዱር የለም። ዳዊት የሚደግም ሰው «ዋላ» የሚላት የእነሱን ወገን ነው፤ በቃል እናውቃታለን፣ በዓይን አላየናትም። ባሌና አርሲ ላይ ያለው ደጋ አጋዘን ግን በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው ያለው፤ ሳይንስ ስም ያወጣለት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። እዚህ ደግሞ በአዋጅ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው። ስለዚህ ይህን ያነበበ ሰው የአያቱን ብረት ይዞ ወደ ጣና ዳር ድኩላ ፍለጋ እንዳይወርድ። አደራ።

አደኑ የተከፈተው ቅዳሜ ነው፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። መጀመሪያው ቀን ምንም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሰባ እርምጃ ላይ አንዲት ዋላ ቆመችለት። አንድ ጥይት። ሮጦ ደርሶ ነፍሷ ሳትወጣ በስመ ሥላሴ ብሎ ባረከና አረዳት። ፈረንጆቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው አዩት አለኝ፤ ምን እንደሚያደርግ ባይገባቸውም ጸሎት መሆኑ ገብቷቸዋል። ሥጋውን ለአራት የአበሻ ቤተሰብ አካፈለ። አንዷ ጥብስ አድርጋው «የፍየል ይመስላል» ብላ ፈረደች።

ማታውን ሲደውል «ጋሼ፣ አልከበደኝም» አለኝ። «ሲመለሱስ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ሲመለሱ ከበደኝ። ጀርባዬ ላይ ሆኖ፣ ይሄ ብረት ከዚህ በፊት ስንቱን ይሆን ያስተኛው እያልኩ ነበር የመጣሁት» አለኝ። አያቴ ስለ ዳገት ብቻ እንዳላወሩ ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ።

አሁን አሮጌው እንጨት ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ብቻውን ተሰቅሏል። ብረት የለበትም፣ መተኮስ አይችልም፤ እንጨት፣ ጠፍርና የተልባ ሽታ ብቻ። እትዬ በቪዲዮ ሲያዩት «እንዲህ ከሆነስ ይሁን» አሉ። ጠመንጃው ራሱ ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል፤ እሱን ማየት አሁንም አይፈልጉም፣ ልጁም አያሳያቸውም። ይህን እንደ መስማማት ልትቆጥሩት ትችላላችሁ።

እንግዲህ «በዚህ ጊዜ ጠመንጃ ይለጠፋል?» ላላችሁኝ መልሴ ይህ ነው። እኔ የለጠፍኩት ጠፍሩን ነው። ዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ፣ ውቅያኖስ ማዶ፣ ከአንድ የጦር መሣሪያ ላይ የቀረልን የሰው ምልክት የአንድ ገበሬ ቋጠሮ ነው። ማን እንደመታ፣ ማን እንደተመታ አልቀረም። ብርጭቆ ወረቀት በአሥር ደቂቃ ሊያጠፋው ይችል ነበር፤ ልጁ ስለጠየቀ ተረፈ። ትርፍ ማለት ለእኔ እሱ ነው።

ዛሬ በየመንደሩ በወጣት ትከሻ ላይ ያለው ብረትም አንድ ቀን አርጅቶ፣ ቅባቱ ደርቆ፣ የአንድ አስተማሪና የአንድ ተማሪ የቅዳሜ ሥራ የሚሆንበትን ዘመን እመኛለሁ። ዕድሜ ከሰጠኝ ተልባውን እኔ አመጣለሁ።

የአያቶቻችሁ የጠመንጃ ስም፣ የጥገና ዘዴ፣ የአስተሳሰር ዓይነት የምታውቁ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። እናቶቻችሁንም ጠይቁ፤ እንዳያችሁት ከወንዶቹ በላይ ያውቃሉ። የድሮ ፎቶ ካለ ላኩ። ፎቶ አልኩ፤ ሌላ ነገር እንዳትልኩልኝ።

ቸር ይግጠመን።